አተገባበርና ተግዳሮቶች

ለትምህርት አመራር ማስተርስ ጥናቴ 96 መጠይቅ በተንኩ። 91 ተመለሰልኝ። ከ91ዱ ውስጥ 14ቱን የሞላው አንድ ሰው ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበርን። እረፍት ሰዓት ላይ ወረቀቴን ታቅፌ ለማን እንደማድል ግራ ገብቶኝ ስቁለጨለጭ አንድ የፊዚክስ መምህር አዘነልኝ። «አምጪው እህቴ» አለና የቀረውን ሁሉ ተቀበለኝ። ሻዩን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ መሙላት ጀመረ። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ እርግጠኛ አይደለሁም፣ እስማማለሁ። አንዱን ሲጨርስ እስክሪብቶ ይቀይራል። ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ እንደገና ሰማያዊ። «አንድ ዓይነት እንዳይመስልብሽ ብዬ ነው» አለኝ። ሰውየው ከልቡ ሊረዳኝ ነው የፈለገው። እኔም ከልቤ አመሰገንኩት። ምን ላድርግ? እዚያ ከተማ ድረስ የሄድኩት ልጄን ለእናቴ ትቼ ነው፣ የመመለሻ መኪናው 8 ሰዓት ላይ ይነሳል፣ አማካሪዬ ደግሞ «ዳታ ሳትይዢ እንዳትመጪ» ብሎኛል።

ከዚያ ምዕራፍ አራት ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ መሰላችሁ? የመላሾቹ አማካይ ከ5 ውስጥ 3.87 ስለሆነ የርዕሰ መምህራኑ ትምህርታዊ አመራር ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። በቃ። «በጣም ጥሩ» ተሰጠኝ። ጋወን ለብሼ ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶው እስከዛሬ እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ርዕሱን ግማሹን ታውቁታላችሁ። «የእንትን አተገባበርና ተግዳሮቶች በእንትን ዞን በተመረጡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች።» እንትን ላይ የፈለጋችሁትን ክተቱ። ሱፐርቪዥን፣ የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሃ ግብር፣ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ የበጀት አጠቃቀም። ከእኔ ጋር ከተመረቁት ሁሉ ከዚህ ቅርጽ ለመውጣት የሞከረ አንድ ልጅ ነው የማስታውሰው። እሱንም አማካሪው ሦስት ጊዜ አስቀየረውና መጨረሻ ላይ ወደ አተገባበርና ተግዳሮቶች ተመለሰ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን እሷም መምህርት ናት፣ አምስት ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ደወለችና «ቲቸር፣ ማስተርስ ልጀምር ነው፣ ከኢድፒኤምና ከስኩል ሊደርሺፕ የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ። ወዲያው መመለስ አቃተኝ። «ቆይ አስቤ እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁ። አልደወልኩም። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው እዚህ የምጽፍልሽ፣ አንቺ።

መጀመሪያ እኔ ለምን እንደተማርኩ ልንገርሽ። ከጠመኔ ለማምለጥ ነው። ማመልከቻዬ ላይ «ለትምህርት ጥራት የበኩሌን ለማበርከት» ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ ውሸት ነው። ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፣ በሳምንት 27 ፔሬድ፣ በየክፍሉ ሰባ ምናምን ልጅ። ማታ ማታ ወረቀት ሳርም እንቅልፍ ይወስደኝና ጠዋት ስነሳ የልጄ የቀለም እርሳስ የተማሪ ወረቀት ላይ ተጨማሪ እርማት ሰጥቶ አገኘዋለሁ።

የመምህርነትን የእድገት መሰላል ታውቂዋለሽ። ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር፣ ከፍተኛ መሪ መምህር። ስሙ ያምራል። ግን መሪ መምህርም ሆነሽ ያው ክፍል ነሽ፣ ያው ሰባ ልጅ፣ ያው እርማት። ትንፋሽ የሚሰጠው ሌላኛው መሰላል ነው፤ ምክትል፣ ርዕሰ መምህር፣ ሱፐርቫይዘር፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ቢሮ። እያንዳንዱ ደረጃ ከልጆቹ ትንሽ ራቅ ያደርግሻል። እና እኛ አገር ጎበዝ መምህር ሲገኝ ሽልማቱ ይኸው ነው፣ ከተማሪ ማራቅ። የኛ ትምህርት ክፍል ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የዚህ ሽልማት መግቢያ በር ነው። አብረውኝ ከተማሩት ውስጥ ዛሬ ክፍል ገብቶ የሚያስተምር አንድም አላውቅም። እኔን ጨምሮ።

በኢድፒኤምና በስኩል ሊደርሺፕ መካከል ያለው ልዩነት የምታስቢውን ያህል አይደለም። ኢድፒኤም፣ ማለትም የትምህርት ዕቅድና ሥራ አመራር፣ ሰፋ ይላል፤ ዕቅድ፣ ፋይናንስ፣ ፖሊሲ፣ ስታቲስቲክስ አለበት። ወረዳና ቢሮ ላይ ለሚሠራ ይመቻል። ስኩል ሊደርሺፕ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይጠጋል። ከሁለቱ በታች ደግሞ ለርዕሰ መምህራን የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ አለ፣ ፒጂዲኤስኤል የሚሉት። የማስተርሱ መግቢያ ፈተና አሁን ብሔራዊ ሆኗል፣ ጋት። ሒሳቡን ከወዲሁ ከልሺ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው ይላሉ።

እኔ የተማርኩት በክረምት ነው። የክረምት ተማሪ መሆን ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲያጓራ ከየአቅጣጫው አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላው መምህር ፍራሽና ጃንጥላ ተሸክሞ ዶርም ይገባል። ዓመቱን ሙሉ የኮረጀ ተማሪ ሲያባርር የከረመ ርዕሰ መምህር ነሐሴ ላይ ከጎኑ ሲኮርጅ ታያለሽ። ከኔ ዶርም አንዷ አራስ ነበረች። ሞግዚቷ በር ላይ ሕፃኑን ይዛ ትጠብቃለች፣ እሷ በየሃምሳ ደቂቃው ወጥታ ታጠባለች፣ ተመልሳ ስለ ለውጥ አመራር ንድፈ ሐሳብ ትሰማለች። ለውጥ አመራር ማለት ምን እንደሆነ ከክፍሉ ሁሉ የገባት እሷ ትመስለኝ ነበር።

ከተማርነው ብዙው ተረስቶኛል። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ምን ተጭኖ አማካይ እንደሚወጣ እንኳ አሁን አላስታውስም። አንድ ቀን ግን አልረሳም፣ የፖሊሲ ኮርስ ነበር። መምህራችን ስለ ሴክተር ሪቪው አነሱ።

ሳታውቂው አትቀሪም፣ ግን ልድገምልሽ። በ1964 ዓ.ም. ባለሙያዎች ተሰብስበው የአገሪቱን ትምህርት ከላይ እስከ ታች መረመሩ። የዓለም ባንክ ምክርም አለበት። ያን ጊዜ አብዛኛው የገጠር ልጅ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር በደጁ አልነበረም። ባለሙያዎቹ ያቀረቡት ሐሳብ ሲጠቃለል፣ ያለውን ገንዘብ ለጥቂቶች ረጅም ትምህርት ከማዋል ለሁሉም የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንስጥ የሚል ነው። ወረቀት ላይ ስታይው ክፉ ነገር የለውም። ችግሩ ሰነዱ ሲዘጋጅም ሆነ ሲጸድቅ መምህሩም ወላጁም አልተጠየቀም። ኋላ ወሬው ሲወጣ ወላጅ «የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም ነው የሚሉት» አለ። መምህሩ «ክፍሉ ሊታጨቅብኝ፣ ደመወዜም ሊነካ ነው» አለ። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን ታክሲ ነጂዎችም በቤንዚን ዋጋ ምክንያት አድማ መቱ። መንግሥት ደንግጦ ሪቪውን አዘገየው፣ ግን ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር። መስከረም 1967 ላይ ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

ዘውዱን ያወረደው የትምህርት ሰነድ ነው ማለቴ አይደለም። ረሃቡ አለ፣ ወታደሩ አለ፣ መሬቱ አለ። ግን መምህራችን «ጥናቱ ትክክል ነበር ወይስ ስህተት?» ብለው ሲጠይቁን ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እስከ ምሳ ሰዓት ተጨቃጨቅን። አንዱ ጎልማሳ ከኋላ ተነስቶ «አባቴ ያን ጊዜ መምህር ነበር፣ አድማ ወጥቷል። አንድ ሰው መጥቶ ቢጠይቀው ኖሮ ሊስማማ ይችል ነበር። ማን ጠየቀው?» አለ። ዝም አልን።

እንግዲህ እኔ ያንን ሰምቼ በዓመቱ ነው 96 መጠይቅ ይዤ የወጣሁት። እነሱ ማንንም አልጠየቁም። እኔ ደግሞ 14 ሰው ጠይቄ መልሱን ከአንድ ሰው ተቀበልኩ።

ከተመረቅኩ በኋላ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆንኩ። የሰዓት ድልድል ላይ ተቀመጥኩ። አመራር የሚባለው ነገር ያለው እዚያ ነው፣ ማንም አልነገረኝም እንጂ። ሒሳብን ከምሳ በኋላ ስድስተኛ ፔሬድ ላይ ለማን ትሰጪያለሽ? የምታጠባዋን መምህርት መጀመሪያ ፔሬድ ላይ ታስገቢያታለሽ? አንዱ ከሰዓት በኋላ የግል ትምህርት ቤት እንደሚያስተምር ሁሉም ያውቃል፣ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ሰዓቱን ጠዋት ጠዋት ስታደርጊለት ሌላው ደግሞ «ለኔስ?» ይላል። የእንግሊዝኛ መምህር ከሦስት አንድ ጎድሏል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከአንድ ትልቅ ካርቶን ጋር ወለል ላይ ተቀምጬ በእርሳስ እየጻፍኩ በላጲስ እያጠፋሁ አነጋሁ። መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ሰው አኮረፈኝ። አንዱ እስከዛሬ አያናግረኝም።

ከዚያ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። አምስት ትምህርት ቤት። ሁለቱ ጋ መኪና አይደርስም።

የኢንስፔክሽኑን ነገር፣ ትምህርት ቤት የሚመዘንበትን፣ መቼም ታውቂያለሽ። 26 ስታንዳርድ አለ። ግብአት 25 ከመቶ፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40። ተደምሮ ከ50 በታች ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ሳይሞላ ደረጃ 2፣ ከዚያ 3፣ ከ90 በላይ ደረጃ 4። አብዛኛው ትምህርት ቤታችን ታች ነው ያለው፣ ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም። እኔ ቅጹን አልጠላውም። ሰው ሊያይ ሲመጣ ቢያንስ ሽንት ቤቱ ይጸዳል። ግን ቅጹ ላይ ያለውን ቁጥር ማን እንደሚጽፈው ካላወቅሽ ምንም አላወቅሽም።

አንድ ሐሙስ፣ መጋቢት ላይ፣ ከትምህርት ቤቶቹ ወደ አንዱ ሄድኩ። የሁለተኛ ክፍል ስም መጥሪያ ላይ 61 ልጅ አለ። ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ቆጠርኩ፤ 38። እንደገና ቆጠርኩ፣ ያው 38። መምህርቷ ዝም ብላ ታየኛለች። ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ እዚያ ቀበሌ ያሉትን እናትና አባቶች ሁሉ እሳቸው ናቸው ፊደል ያስቆጠሩት።

«ጋሼ፣ የቀሩት ልጆች የት ናቸው?» አልኳቸው።

«አሉ።»

«የት አሉ?»

«እዚሁ ቀበሌ። ቁጭ በይ እስኪ።» ሳጥን መሳቢያውን ሳቡና ግማሽ ካርቶን ጠመኔ አሳዩኝ። «ይኼ እስከ ሰኔ ነው። ድጎማው በልጅ ነው የሚሰላው፣ ታውቂዋለሽ። 38 ብዬ ብጽፍ ለ38 ይሰጡኛል። ያው በ61 ሒሳብም አልበቃኝም። አንቺ ልጅ፣ እኔ ሌባ እመስልሻለሁ?»

አይመስሉም። ጫማቸው ተረከዙ አልቋል።

እና ምን ብዬ ሪፖርት አደረግኩ? 61። ያፈርኩበት ነገር ነው፣ ብዋሽሽ ደግሞ የባሰ ነው። የኔ 61 ወረዳ ሄደ፣ ከሌላው ጋር ተደመረ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ቢሮ፣ ወደ ሚኒስቴር። የትምህርት ሚኒስቴርን ዓመታዊ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ስትከፍቺ አንደኛ ክፍል የገቡት ልጆች በዕድሜው ካሉት ልጆች በላይ ሆነው፣ ከመቶ በላይ የሚል ታገኛለሽ። ትክክለኛ ምክንያት አለው፤ ዕድሜያቸው ያለፈ ልጆች አብረው ስለሚመዘገቡ ነው። ኮርስ ላይ ተምረነዋል፣ ፈተና ላይም መጥቷል። እኔ ግን ያንን ሠንጠረዥ ባየሁ ቁጥር ያ የጠመኔ ካርቶን ነው ትዝ የሚለኝ።

በግል ደብተሬ ላይ ግን 38 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እረፍት ነሳኝ። 23 ልጅ የት ይሄዳል? ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። ማንም አላዘዘኝም፣ አበልም የለውም፣ ባለቤቴ «ደግሞ ምን አባሽ ነው» ብሎ ተቆጣ። ስም መጥሪያውን ይዤ ከመምህርቷ ጋር ቤት ለቤት ሄድን። ዘጠኙ ጎረቤት ቀበሌ ወዳለው ትምህርት ቤት ተዛውረዋል፣ ግን ሁለቱም ጋ ስማቸው አለ። ስምንቱ የሐሙስ ገበያ ቀን ብቻ ነው የሚቀሩት፣ እናታቸው ስትወጣ ታናናሾቻቸውን ይጠብቃሉ። አራቱ ጨርሰው ወጥተው ከብት ላይ ናቸው። ሁለቱን ማንም አያውቃቸውም። ስማቸው ተጽፏል፣ የአባታቸው ስም ተጽፏል፣ ቀበሌው ውስጥ እንደዚያ የሚባል ሰው የለም።

አየሽ፣ አራት ዓይነት ነገር ነው። ቅጹ ላይ ግን አንድ ነው፣ ወይ 61 ወይ 38። ከብት ላይ ላሉት አራቱ የሚደረገው ነገር ለስምንቱ አይሠራም። ለስምንቱ ጋሼ መላ ነበራቸው፣ ሐሙስ ሐሙስ ትምህርቱ ማለዳ ተጀምሮ እናቶች ገበያ ሳይወጡ እንዲያልቅ አደረጉ። ለዚህ ደብዳቤ አልጻፉም፣ ደወሉን ቀደም አድርገው ደወሉ። በሳምንቱ ሐሙስ ከስምንቱ ስድስቱ መጡ።

የማስተርስ ጥናቴ ይህ መሆን ነበረበት። አንድ ክፍል፣ 23 ልጅ፣ ሦስት ቅዳሜ። አማካሪዬ ግን «ናሙናው ያንሳል» እንደሚለኝ እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና መጣ። ጥቅምት 2015 ላይ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ፣ ኩረጃው ሲዘጋ፣ ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ሆኑ። በዓመቱ 3.2። ከዚያ 5.4። ዜናው የወጣ ማታ ሁሉም ሰው ስለ ልጆቹ ስንፍና ሲያወራ እኔ ጥናቴን ከሳጥን አወጣሁት። የኛ ዞን ርዕሰ መምህራን አመራር 3.87 ከ5፣ ከፍተኛ። 3.87 የተሰጠው አመራር 3.3 ከመቶ ተማሪ አሳለፈ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ አገር ውስጥ ያሉ አይመስሉም። እንደኔ ዓይነት ጥናት ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል፣ ሁሉም ተግዳሮት አለ ይላል፣ ሁሉም የበጀት እጥረትና የሥልጠና ማነስ ይላል፣ ሁሉም «የሚመለከተው አካል» ትኩረት እንዲሰጥ ይመክራል። የሚመለከተው አካል ደግሞ እኛው ነን፣ ተመርቀን የሄድነው።

እና ተማሪ ወይስ አትማሪ? ተማሪ። ደመወዙ ይጨምራል፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ በዚህ ኑሮ። ርዕሰ መምህርነት ለረጅም ጊዜ የታማኝነት ሹመት ሆኖ ኖሯል፤ የተማረ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ቢያንስ የሚከራከርበት ቃል አለው። ሴት ርዕሰ መምህርም ጥቂት ነው ያለን፣ ስብሰባ ላይ ከወንዶቹ መሐል ለብቻዬ የተቀመጥኩበት ቀን ብዙ ነው። የእርዳታ ድርጅቶችም ይቀጥራሉ፣ ግን እነሱ የሚፈልጉት ዳታ የሚያውቅና እንግሊዝኛው የማይጎረብጠውን ነው፣ ስለዚህ ስታቲስቲክሱን እንደኔ ሸምድደሽ አትለፊው። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ብትገቢ ደግሞ ደስ ይለኛል፣ እዚያ ቢያንስ ክፍል አለ።

ርዕስ ስትመርጪ ግን የምታውቂውን አንድ ክፍል ያዢ። አማካሪሽ ይቆጣል። ይቆጣ።

ባለፈው ማክሰኞ ቢሮዬ አንድ የክረምት ተማሪ መጣ። መጠይቅ ይዟል፣ 12 ቅጂ። «እትዬ፣ ለባልደረቦችዎ ያድሉልኝና ነገ መጥቼ ልውሰድ?» አለኝ። ርዕሱን አየሁት፣ ሳቄ መጣ። 11ዱን መለስኩለትና አንዱን ይዤ «ቁጭ በል፣ እኔን ራሴን ጠይቀኝ» አልኩት። ሻይ አዘዝኩ። ጥያቄ 17 ላይ ስንደርስ «ርዕሰ መምህሩ የክፍል ምልከታ በወቅቱ ያካሂዳል» ይላል፣ ከናሙናው አንዱ ደግሞ የኔው ጉድኝት ትምህርት ቤት ነው።

«እዚያ ትምህርት ቤት ከጥር ጀምሮ ርዕሰ መምህር የለም» አልኩት።

«የለም ማለት?»

«ሄደ። ወረዳ ገባ። የሒሳብ መምህሩ ነው ቁልፉን የያዘው።»

ልጁ ወረቀቱን አየው። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። «ታዲያ የቱን ላክብበው?» አለኝ። ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ትንሽ አሰበና ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረ።